የቸኮሉ እጆቼ

ካርቲየ 2 በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት አዳራሽ፣ አርብ አርብ የቤተ ክርስቲያን መሪ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት አስተምር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዶራሌ ወደብ የትራንዚት ወረቀት ሳሳድድ እከርምና አርብ ሲደርስ ሐዋርያ እሆናለሁ። መሪ ራሱን የሚገዛ ይሁን እያልኩ ስሰብክ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ከሁሉ የምወደው ግን ያልተፈተነ ሰው ላይ እጅ ለመጫን አትቸኩል የሚለውን ነው። ለእሱ ብቻ ሦስት አርብ ሰጥቻለሁ።

ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁ ልጆች ከኋላ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከእነሱ ጋር አንድ ጎልማሳ መጣ። ሲጸልይ ሰው ያስለቅሳል። እኔን «አባቴ» ይለኛል፤ የማስተምረውንም ቃል በቃል ይጽፋል። እሱን ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንድ ወር ሳይሞላው ልጆቹ በመንገድ እረኛ እንዲሆናቸው እጅ እንድንጭንበት ለመኑን። ጀልባው ቅዳሜ ነው አሉ።

አብሮኝ ሽማግሌ የነበረው የከባድ መኪና ሾፌር አልተስማማም። ሰውዬው የመጣሁት አዋሽ ካለ ጉባኤ ነው ብሏል፤ እኔ በዚያው ስለማልፍ ጠይቄ እስክመለስ ጠብቁኝ አለ። እጁን ለመጫን እንኳ የሚሰስት ቆጥቋጣ ሽማግሌ ብዬ ቀለድኩበት።

ካርቲየ 4 ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅም ነበረች። ለመሄድ ገና አልወሰነችም።

«ጋሼ፣ እጅ ከጫናችሁበት አብሬው እሄዳለሁ» አለችኝ። «ካልጫናችሁበት እዚሁ እቀራለሁ።»

እንዲህ መታመኔ ደስ አሰኘኝ እንጂ አልደነገጥኩም።

አርብ ዕለት መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ሁላችንም በላብ ተዘፍቀናል። እጄን ጭንቅላቱ ላይ ሳሳርፍ ጸጉሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። የመንፈስ ሰላም ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት።

ሾፌሩ ሲመለስ ጀልባው ልጅቷንም ይዞ ከሄደ ሰንብቷል። አዋሽ ላይ ሰውዬውን ያውቁታል። ከእነሱም ልጆች ይዞ ወጥቶ ብቻውን ተመልሶ ነበር።

ሙቀቱ ሲጠና ወደ እኛም ብቻውን መጣ። አዲሶቹ መንገደኞች «መጋቢ» እያሉ ተነሡለት። ከመድረክ ወርጄ ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቅኩት።

ትከሻዬን ሳመኝ። «ደህና ናት፣ አባቴ። ሰላም ብላዎታለች።»

«በስልክ አገናኘኛ።»

«ያለችበት ስልክ አይሠራም።»

ስለ እሷ እስከ ዛሬ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

መድረክ ላይ ተመልሼ፣ ይህ ሰው መጋቢ አይደለም፣ ማንም እንዳይከተለው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከምንጣፉ ላይ አንዱ፣ ታዲያ ያኔ ለምን እጅ እንደጫንኩበት ጠየቀኝ።

«ስለሚያሞግሰኝ» አልኩ።

ጉባኤው ሳቀ። ስንት ዓመት ራሴ ላይ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይኼንንም ከዚያው ቆጠሩት። ቀልድ አይደለም ስል ይብስ ሳቁ። ሰውዬው አብሮ ፈገግ አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። አራት ልጆች ተከተሉት። ሾፌሩና እኔ በሩ ላይ ደርሰን የአንዱን ክንድ ያዝን። ሦስቱ ሄዱ።