የብዙነሽ ሁለት መጥበሻ

ብዙነሽ ሁለት መጥበሻ አላት። አንዱ ባለ ቅርፊት ለሆነው ዓሣ ለቆሮሶ፣ ሌላው ለአምባዛ ነው፤ የአምባዛው እጀታ ላይ እንዳይምታታ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ቢላዋውም መክተፊያውም እንዲሁ ሁለት ሁለት ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ስንቱ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እሷ ራሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ ሁለቱንም ዓሣ ትበላለች። ከደንበኞቿ ግማሾቹ ግን ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ እንኳን ሊበሉት ሊያዩትም አይወዱም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱን ሳታነካካ ኖራለች።

ወደ ሐዋሳ የመጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቁጭ ብላ ለሌላ ሰው የዓሣ ቅርፊት ስትፍቅ ከጣቷ እሾህ ያልወጋው ቦታ አልቀረም። ቆይታ አንድ ምድጃ ገዛች፣ ቀጥሎ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ ቤት። እያደር «ብዙነሽ ጋ እንገናኝ» ማለት የሰፈሩ አድራሻ ሆነ። ስሟ ሀብቷ ነበር፤ ሌላ ሀብት የላትም።

አምባዛ የሚያዝዙትም ደንበኞች አሏት። የእነሱን ዓሣ ጓሮ ወስዳ ነው ቆዳውን የምትገፈው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው አይቶ ምግቡ እንዳያስጠላው ብላ። ጥፋቷ ይሄ ብቻ ነው። ሰው አክብራ ደበቀች።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ አቤል መጣ። አቤል ስልኩን ይዞ በየምግብ ቤቱ እየዞረ፣ በቲክቶክ «እውነቱን አጋልጣለሁ» የሚል ጎረምሳ ነው። ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ብዙነሽ አምባዛ ስትገፍ አየና ቀረጻት። ከዚያ የሌላ ደንበኛ የቆሮሶ ጥብስ ቀረጸና ሁለቱን አያያዛቸው። ድምፁን አሳዝኖ፣ «ይሄ ዓሣ ለምን ጓሮ ተደበቀ? ቆሮሶ ነው ተብላችሁ የምትበሉት ምን ይሆን? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ» አለ። ፍርድ ለመስጠት ደግሞ ሰው መቼ ሰነፈ! በሁለት ቀን ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው። «ሃይማኖታችንን ሊያረክሱ ነው» ያለ አለ፤ «ቤቷን ጠቁሙን» ያለም አለ።

ልጇ ዮርዳኖስ እያለቀሰች ስታሳያት ብዙነሽ መጀመሪያ ሳቀች። የሚያውቃት ሰው እንዴት ያምናል? ሰኞ ሁለት ደንበኛ መጣ፣ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ማንም። የገዛችው ዓሣ እየተበላሸባት ጣለች። ያን ጊዜ ሳቋ ወደ ንዴት ተለወጠ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየና ጭንቅላቱን አከከ።

«እህቴ፣ ‹አምባዛ ታበላለች› አላለም እኮ። ጠየቀ እንጂ።»

«ጥያቄ ከሆነማ እኔን አይጠይቀኝም ነበር? እዚያው አጠገቡ ቆሜያለሁ!»

ሦስት ቀን ተመላልሳ አቤቱታዋን ተቀበሏት። አቤል ሲጠራ ደረቱን ነፍቶ መጣ። «ሐሳቤን መግለጽ መብቴ ነው። ሕዝቡ የሚበላውን የማወቅ መብት አለው» አለ። ይህንንም ወጥቶ በሌላ ቪዲዮ ደገመው፤ ተከታዩም ጨመረ። መብቱ ነው እንበል። እሷስ? በሠራችው እንጂ ባልሠራችው ያለመጠራት መብት የላትም?

ክሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊሄድ ሲል ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኗ ፓስተር ሕዝቅያስ ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ በላይነህ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ኦርቶዶክስ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጾም ካልሆነ በቀር በየማክሰኞው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቆሮሶ ጥብስ የበሉ ሰው ናቸው። ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ግን አልመጡም ነበር። «አሞኝ ነበር» አሏት፤ አመነቻቸው።

«ልጅ ነው፣ ብዙነሽ» አሉ ጋሽ በላይነህ። «እናቱ ስታለቅስ ውላ ታድራለች። ቢታሰር ምን ታተርፊያለሽ?»

«እኔ ይታሰር አላልኩም፣ ጋሼ። ያጠፋው በቲክቶክ ነው፤ ‹ዋሽቻለሁ› ብሎ እዚያው በቲክቶክ ይናገር።»

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህት ብዙነሽ፣ ይቅርታ ቅድመ ሁኔታ የለውም። ቪዲዮውን ያጠፋዋል፣ ጉልበትሽን ይስማል። ከዚህ በላይ ልጁን በአደባባይ ማዋረድ ይሆናል።»

እሷስ የተዋረደችው የት ነበር? ይህን ለመናገር አፏን ከፈተች። ግን በፓስተሯና በአባቷ ዕድሜ ባለ ሰው ፊት ሽምግልና ረግጣ ብትወጣ ነገ በሰፈሩ ምን እንደምትባል ታውቃለች። በዚያ ላይ ጋሽ በላይነህ ከመሰከሩላት ሌላው ደንበኛ ይመለሳል ብላ ተስፋ አደረገች። ሄዳ አቤቱታዋን አነሳች።

ሐሙስ ዕለት ዕርቁ እሷው ቤት ሆነ። አቤል ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ ቪዲዮውንም ከገጹ ላይ አጠፋ። ዮርዳኖስ ወዲያው ስልኳን ከፍታ ስታይ፣ ሌሎች ሰዎች ወስደው በየገጻቸው የለጠፉት አሥራ አራት ቦታ አለ። ብዙነሽ ሁለት መቶ ሺህ ሰው ፊት ስሟ ጠፍቶ፣ ሦስት ሰው ፊት ይቅርታ ተጠየቀች። ፓስተሩ ባርከው ለሌላ ጉዳይ ሄዱ።

ዕርቅ ያለ ማዕድ አይቋጭምና ጥብሱን አቀረበች። ሁለት ትልልቅ ቆሮሶ፣ ከነጭንቅላታቸው። ጅራታቸው አካባቢ ያለውን ቅርፊት ሆን ብላ ሳትፍቅ ትታዋለች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ለገዛ ደንበኛዋ ማስረጃ ስታቀርብ እፍረት ፊቷን አቃጠላት።

ጋሽ በላይነህ ዳቦ ቆርሰው ዳጣ አስነኩ። ሰላጣ በሉ። ሌላ ዳቦ ቆረሱ። ዓሣው በፊታቸው ቀዘቀዘ።

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ።»

«በልቻለሁ፣ ልጄ። ጠግቤያለሁ።»

ጾም ነው እንዳይሏት ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳን የማይጾምበት። ብዙነሽ ሳህኑን ወደሳቸው አዞረችና ጅራቱን አሳየቻቸው።

«ቅርፊቱ ያውና፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «አምንሻለሁ። እውነቴን ነው፣ አምንሻለሁ። ግን ልጎርስ ስል ያ ጓሮ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?»

ብዙነሽ ክሱን ያነሳችው በእሳቸው ቃል ነበር። ከማዕዱ ማዶ አቤል እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን ዓሣ ጨርሷል፤ ከሳህኑ ላይ አጥንት ብቻ ቀርቷል። እሱ ምን ያጠራጥረዋል? በዚያ ቤት ከሷና ከልጇ ሌላ ቆሮሶው ቆሮሶ መሆኑን አጥርቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ጋሽ በላይነህ ያልነኩትን ሳህን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና ቀና ብሎ አያት።

«እናት፣ ዳጣ ይጨመርልኝ።»

ዕርቅ ነውና ብዙነሽ ጨመረችለት።