የቀኝ እጅ ጓንት

ባለቤቴ አሮጌ የቤዝቦል ጓንት ይጠግን ነበር። ጨዋታውን ግን እስከ መጨረሻው አላወቀውም። ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ፣ «እነዚህ ሰዎች ቆመው የሚጠብቁት ምንድን ነው?» እያለ ጣቢያ ይቀይራል። እሱ የወደደው ቆዳውን ነው። አዲስ አበባ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰፋ ኖሮ፣ እዚህ አሜሪካ መጥቶ ዌስትውድ የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የሚውል ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰዎች ደጃቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ ከአሻንጉሊት ክምር ውስጥ አንድ የተቀደደ ጓንት አነሳ። አሸተተው፣ አጠፈው፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው። «ይሄን የመሰለ ቆዳ ይጣላል?» አለኝ። በዚያው ልክፍት ያዘው።

መጀመሪያ የገዛቸው ሁሉ የቀኝ እጅ ጓንቶች ነበሩ። ያውም መርጦ። ሰው የሚሰጡትን ነገር የሚቀበለው በቀኙ ነው፤ በግራ መቀበል ነውር ነው፤ እንግዲያው ኳስም የሚቀለበው በቀኝ ነው ብሎ፣ የግራዎቹን እየተወ የቀኞቹን ከየሰፈሩ ለቅሞ ጆንያ ሞላ። ስህተቱን የነገረን የመጀመሪያ ደንበኛችን፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ኳሱ የሚወረወረው በቀኝ ስለሆነ ጓንቱ የሚጠለቀው ግራ እጅ ላይ ነው። የቀኝ እጅ ጓንት የሚፈልግ ግራኝ ብቻ ነው። እኔ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ጆንያውን አልጋ ሥር ከተተና መለዋወጫ አደረገው። የእጅ አንጓው ቁልፍ፣ ጠፍሩ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ኳሱ የሚያርፍበት መረብ ቀኝና ግራ የላቸውም። ሰው ጓንቱን ሲያመጣ፣ ከጆንያው አንዱን ያወጣና የጎደለውን ከእሱ ይነቅልለታል።

ስትሮክ የመታው አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ነው። ነፍሱ ተረፈች። እግሩም እየጎተተውም ቢሆን ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ቀረ፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልፈታ አሉ። ከሥራ ወጣ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሥራው አልነበረም። ከቤታችን ወረድ ብሎ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ጓደኞቹ የሚሰበሰቡበት ምግብ ቤት አለ። ሲሻለው ወሰድኩት። ትሪው ቀረበ። ሁሉም እጁን ታጥቦ ሲዘረጋ እሱ ግራ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ጾም ነኝ» አለ።

ፋሲካ ገና ማለፉ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በሃምሳው ቀን የምን ጾም ነው ሳይለው በላ። እኔ እንዳላጎርሰው በዓይኑ ከለከለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ ቤቱ ቀረ፤ እጅ የሚዘረጋ ሰው ስለሚበዛ ለቅሶ ቤትም ቀረ። ግራውን ለሰው ከመስጠት ሞቱን ይመርጣል። ስንት ጊዜ ተጣላሁት። ግትር ነው፤ እኔም አልተሻልኩም።

ቤት፣ የሚጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ግን ተፈተው የቀሩ የሰው ጓንቶች ነበሩ። አንድ ቀን ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «አንቺ ቀኙን ሁኚ» አለኝ። እንዲያ ጀመርን። እሱ በግራው ቆዳውን ይይዛል፤ እኔ በወስፌ እበሳለሁ፤ ጠፍሩን አስገብቼ እስባለሁ።

«ሳቢ። አሁን ላላ። ላላ አልኩሽ እኮ፣ በሬ ነው እንዴ የምትስቢው?»

«እንዲህ ከሆነ አንተ ሳበው» እለውና ወዲያው እጸጸታለሁ። እሱ ግን ያኔ ይስቃል። ያን ሁሉ ወር የሳቀው እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ለእጁ ቴራፒ የምትሰጠው ልጅ እዚሁ የተወለደች ሐበሻ ናት። በስልኳ ቪዲዮ እያሳየች፣ «ጋሼ፣ አንዱን ጓንት ቀኝህ ላይ አድርግና ኤቭሪ ዴይ ትራይ አድርግ፣ ኦኬ? ሶ፣ ጣቶችህ ይለምዳሉ» አለችው። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። እኔን ያቃጥለኛል፤ እሱ ግን ይወዳታል። ስለዚያ እጅ እንደሚመለስ አድርጋ የምታወራው እሷ ብቻ ነበረች።

ጆንያውን አስወጣኝ። ከመለዋወጫዎቹ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ጠቆር ያለ፣ መረቡ ያልተነካ አንድ ጓንት መረጠ። «ይሄን እንዳትነኪብኝ» አለ። «እጄ ሲመለስ የምቀልብበት ነው።» ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ አስገባሁለት። በስህተት የተገዛው ጓንት ልኩ ሆነ። በየጠዋቱ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ካልሲ ጠቅልዬ እወረውርለታለሁ። ካልሲው ጓንቱን መትቶ ይወድቃል። አነሳለሁ፤ እወረውራለሁ። አንድ ጠዋት መረቡ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም፤ እኔ ነኝ አነጣጥሬ የከተትኩት።

«ያዝከው» አልኩ።

አየኝ። ያን ዕለት ቁርስ አልበላም።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው ደንበኛችን፣ ያ ሽማግሌ፣ የልጅነት ጓንቱን ይዞ መጣ። መረቡ ተበጣጥሶ አልቋል። ሌላ ዓይነት እንዳትገጥሙበት፣ የድሮው ዓይነት ከተገኘ ብቻ ብሎ ትቶት ሄደ። ባለቤቴ በግራ አውራ ጣቱ ስፌቱን ሲዳብስ እኔም አወቅሁ። እንዲያ ዓይነት መረብ ያለው፣ ሶፋው ላይ ያለው የእሱ ጓንት ብቻ ነው።

«የለንም እንበለው» አልኩ። «ወይ እፈልጋለሁ። ሎንግ ቢች ድረስም ቢሆን ሄጄ እፈልጋለሁ።»

«የምን ፍለጋ ነው?» አለ። «ይኸው አለ አይደል።»

«ያንተ ነው እኮ።»

«ምን ላደርግበት?»

ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ሰዓት የጠየቀኝ ያህል ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ትጠነክራለህ፣ ልጅቷ ምን ነበር ያለችው፣ ልል ፈለግሁና ተውኩት። ጓንቱን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የደረቀ ቆዳ ስለሆነ መቁረጫው ሲያርፍበት ይንሸራተታል። ሁልጊዜ በግራው ነበር የሚይዝልኝ። ያን ቀን ግን ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ፣ እንደ ዕቃ አምጥቶ፣ ጓንቱ ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ቁረጪ» አለኝ።

እጁ ከባድ ነው። ቆዳው አልተንቀሳቀሰም። እያለቀስኩ ጠፍሮቹን አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው፣ መረቡም ሳይጎዳ ወጣ።

በማግስቱ የተጠቀለለውን ካልሲ ፈታሁና ከልብስ ጋር አጠብኩት። የት ሄደ ብሎ አልጠየቀኝም።