ጉና ያልታየባቸው ቀናት

ደረቴ መጀመሪያ ያፏጨው በጥር ወር፣ ወደ አየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያችን የሚያወጣውን ዳገት ስወጣ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከአሰላ ወደ ደብረ ታቦር ተመድቤ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሥራዬ በየሦስት ሰዓቱ ወጥቶ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ዓይን ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ መጻፍ ነው። ለዚህ ምልክታችን የጉና ተራራ ነበር። በዚያ ሰሞን ጉና ጠፋ። «ጭጋግ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳሉ ጸናብኝ። አከራዬ እሜቴ ጥሩነሽ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደመና ስትቆጥሪ ብርድ መታሽ!» ብለው ሣቁብኝ። ሲብስብኝ ሣቁን ትተው የውሃ ኩባያዬን ለዩት። እኔም ሳንባ ነቀርሳ ነው ብዬ ፈራሁ። ዘመድ በሌለበት አገር ማን ያስጠጋኛል? ሆስፒታል ሄጄ ሦስት ጊዜ አክታ ሰጠሁ፤ ራጅ ተነሣሁ። ነቀርሳ አልተገኘም። ሐኪሙ «አስም ነው» ብለው አሚኖፊሊን የሚባል የአስም ክኒን አዘዙልኝ፣ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ።

ዐቢይ ጾም ገባ። የጠዋቱን ክኒን ጾም እስከምፈታበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት ጀመርኩ። ማንንም አልጠየቅሁም።

አንድ ረፋድ ቴርሞሜትሩ ሥር ወደቅሁ። አየሩ ይገባል። አይወጣም። ከንፈሬ ደነዘዘ። «እመቤቴ» ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

የጣቢያው ዘበኛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ። መርፌ። ኦክሲጅን። ማታውን ተነፈስኩ።

የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ «ማን ገዘተሽ ልጄ? ክኒን ጾም አይሽርም፤ ትዕቢት ግን ይሽራል» አሉኝ። አፈርኩ።

ሐኪሙ ደግሞ «የሚብስብሽ መቼ መቼ ነው?» አሉ። መዝገቤን አስመጣሁ። ሕመሜ የጠናባቸው ቀናት ጉና ያልታየባቸው ቀናት ነበሩ። በዋናው መሥሪያ ቤት የሳተላይት ፎቶ ለምትመለከት ባልደረባ ቀኖቹን ጽፌ ላክሁ። ፎቶዎቹ በአውቶቡስ መጡ፤ ጥቁርና ነጭ። ከምዕራቡ ቆላ፣ ሣር ከሚቃጠልበት፣ ስስ ግራጫ ነገር ተነሥቶ እኛ ደጋ ድረስ ተዘርግቷል። ደመና አይደለም። ጭስ ነው። ከሩቅ ስለሚመጣ ሽታ እንኳ አልነበረውም።

ሐኪሙ ፎቶውን አገላብጠው፣ «ይኼ ሳንባሽን አያክምም፤ መቼ እንደምትጠነቀቂ ግን ይነግርሻል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እግሬ አላርፍ አለ። የመመዝገቢያው ሰዓት ሳይደርስ እወጣለሁ፣ ጉናን አያለሁ፣ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ቀስ በቀስ ግን ያቺ ባልደረባ የጠዋቱን መረጃ በሬዲዮ ስንለዋወጥ «ጭሱ ዛሬ ወደ እናንተ ነው» ስትለኝ መስኮቴን እየዘጋሁ፣ ዳገቱን እያረፍኩ እየወጣሁ፣ ክኒኔን በሰዓቱ እየዋጥኩ፣ ዝናቡ ጥሎ ሰማዩን እስኪያጥበው ድረስ ዘለቅሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙንና ፊቷን አይቻት የማላውቃትን ያቺን እህት ይባርክልኝ። እሜቴ ጥሩነሽንም፤ ከሆስፒታል ስመለስ በዚያች በተለየች ኩባያ ውሃ ቀድተው፣ ራሳቸው ተጎንጭተው ነው የሰጡኝ።

እናንተም ደረታችሁ የሚያፏጭ፣ የሚብስባችሁን ቀን ጻፉ፤ ለሐኪማችሁም አሳዩ። በጾም ነገር የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ እንደ እኔ ለራሳችሁ አትፍረዱ። እኔ ዛሬም ስነሣ አስቀድሜ ጉናን አያለሁ። ክኒኑን ግን ታየም አልታየም እውጣለሁ።