የታደሰ ዕጣ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን እጉሮሮዬ ድረስ እያመጣሁ መልሼ ስውጣት ኖርኩ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። ስትሰሙ ግን አትዘኑልኝ።

ጠላት ከመግባቱ በፊት ነው። ፒያሳ የሚባል ስም ገና አልመጣም፤ ሰፈሩ አራዳ ነው፣ እኛም የአራዳ ልጆች ነን። ከአርመኖቹና ከግሪኮቹ ጋር የሚጋጠም የኳስ ቡድን ነበረን። አሠልጣኛችን መኪና ጠጋኝ የነበረ ግሪክ ነው፤ እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ቡድኑ ያለ አለቃ ቀረ። ለቦታው ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ አየለ ነው፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፤ ሳቂታ፣ ማንንም የማይቆጣ። ሁለተኛው ታደሰ፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ፤ ከሁላችን በላይ ይጫወት የነበረ፣ ጉልበቱ ተሰብሮ ከሜዳ የወጣ። ከእንግዲህ ታደሰን ከኳስ የሚያገናኘው ሌላ በር አልነበረም። ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን አደረግሁት? ታደሰ አፉ አያርፍም። አንድ ቀን በሰው ሁሉ ፊት፣ «አንተ ኳስ ስትይዝ ታቦት የተሸከምክ ይመስልሃል፤ ለሰው አታቀብልም። እኔ ከተመረጥኩ ከኋላ ነው የምትቆመው» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። እውነቱን ስለነገረኝ ጠላሁት።

ቡድኑ እኩል ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩ ወደ ድብድብ ሊሄድ ሲል አንዱ፣ «ዕጣ ይጣል፤ እግዜር ይፍረድ» አለ። ዕጣውን ማን ይያዝ? «የቄስ ልጅ አይዋሽም» ብለው እኔን መረጡ። ዞር ብዬ ሁለት እንጨት ሰበርኩ፤ በልቤ እርጥቡን ለታደሰ፣ ደረቁን ለአየለ ሰየምኩ። እንደ ደንቡ ስያሜውን ለአንድ ምስክር ሹክ ማለት ነበረብኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ዝም አልኩ።

ከጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት አሮጊት አስቆምን።

«እማማ፣ እባክዎ አንዱን ያንሱልን።»

«ምንድን ነው ልጆቼ? ርስት ልትካፈሉ ነው?»

«የለም፣ የኳስ አለቃ ልንመርጥ ነው።»

«ወይ ጉድ! ለዚህ ለልፊያችሁ ነው እግዜርን የምታደክሙት?» ብለው ሳቁ። ከዚያ አማተቡና እጃቸውን ዘረጉ። ደረቁን ነኩ፤ ተዉት። እርጥቡን አነሱ።

ታደሰ አየኝ፤ በሙሉ ዓይኑ፣ አምኖኝ። እውነቱን መናገር እችል ነበር። ማን ያዘኝ? ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን እዚያ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። «የአየለ ነው» አልኩ።

ታደሰ አልተከራከረም። አየለን ሳመውና፣ «እግዜር የፈረደውን ሰው አይመልሰውም» ብሎ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሄደ። ረዳት ሁን ብለው ለመኑት፤ እምቢ አለ። ጨዋታ ለማየት እንኳ አልመጣም። እኔስ? ከፊት ተሰለፍኩ፣ ጎል አገባሁ፣ ሰው ተሸከመኝ፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ይህንንም እናዘዛለሁ።

በዓመቱ መንገድ ላይ አገኘኝ። ከስቷል። ያወቀብኝ መስሎኝ መንገድ ልቀይር ዞርኩ። እሱ ግን ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ የቄስ ልጅ ነህ፣ ይህን ታውቃለህ። ሱባኤ ገባሁ፣ ስእለት ተሳልኩ፣ አልተገለጠልኝም። እግዜር ያችን አንዲት ነገር የነፈገኝ ምን በድዬው ይሆን?» አለኝ።

በዳዩ እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እኔ ምን አልኩት?

«መቼም እግዜር ያለ ምክንያት አይነፍግም ታደሰ፤ እስቲ ራስህን መርምር» አልኩት።

እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤ ጦርነቱ ሲመጣ ከዘማቾቹ ጋር እያነከሰ ሄዶ አልተመለሰም። በዕጣው ስለዋሸሁት ምሕረት እለምናለሁ። ለዚያ ምክሬ ግን ማሩኝ አልልም።