ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚከዳኝ እግር

እግሬ ደሴ ላይ እግር ነው፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ይከዳኛል። ይሄን ስናገር ሰው ይስቃል። አትሳቁ አቦ! እኔም መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ እሸከም ነበር። ጠዋት ደህና ነኝ። ፀሐዩ ጠንከር ሲል ግን እግሬ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል፣ አንድ ዓይኔ ላይ ጭጋግ ይወርዳል። ፎርማኑ፣ "አብሽር፣ ምሳ ሲደርስ ትድናለህ" እያለ ይቀልድብኛል። ማታ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ የደሴ ብርድ ፊቴን ሲመታኝ እግሬ ይመለሳል። ሰፈር የምገባው እየሮጥኩ ነው። ታዲያ ማን ይመነኝ?

አባቴ ግን አልሳቁም። ጴንጤዎች ነን፤ እሳቸው ደሴ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። "ይሄ መንፈስ ነው" አሉ። አንድ ሌሊት ትኩሳት ይዞኝ እግሬ ደሴም ከዳኝ፤ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ የክረምት ጠዋት ደግፈው ወስደው አስጸለዩልኝ። ተነስቼ ሄድኩ! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፣ አባቴ አለቀሱ። እኔም ድኛለሁ ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

የኮምቦልቻ ምእመናን ይሄን ሰምተው "መጥቶ ይመስክርልን" አሉ። ቀትር ነው፣ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፣ ሰዉ ጢም ብሏል፣ እኔ በአባቴ ከረባት ታንቄያለሁ። ማይኩን ይዤ "ጌታ እግሬን..." ስል እግሬ እጥፍ አለ። ከነማይኩ ተዘረርኩ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ፣ "ምን ኃጢአት ደብቀህ ነው እዚህ የወጣኸው?" አሉኝ።

ከመውደቄ ይልቅ የገደለኝ ይሄ ነው። የወለዱኝ ሰው!

"አባባ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ። አስመሳይ ነህ ካለኝ ቤትዎን ለቅቄልዎት እወጣለሁ" አልኳቸው።

ደሴ ያገኘናት የነርቭ ሐኪም ጭንቅላቴን በማሽን ፎቶ አስነስታ እያየችው፣ "ነርቭህ ሽፋን አለው፤ ማየሊን ይባላል፣ ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ነው" አለችኝ። "የሰውነትህ መከላከያ ጠላት መስሎት ሽፋኑን እያጠቃው ነው።"

"የራሴ ሰውነት?"

"የራስህ።"

ክው አልኩ። ሰው ከጎረቤቱ ይጣላል፤ እንዴት ከገዛ ነርቩ ይጣላል?

"ሽፋኑ ቢላጥስ? ሽቦ ተላጦም ያበራ የለ እንዴ!" አልኳት። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ብተውም ምላሴን አልተውኩም።

"ይሄኛው ሽፋን ዝም ብሎ አልተለጠፈም" አለች። "ፕሮቲኖቹ ከነርቩ ጋር ይነጋገራሉ። መልእክቱ እንዲፈጥን ያደርጋሉ። ነርቩ ደግሞ ጫፉ ላይ ለቀጣዩ ነርቭ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ይረጫል፤ የሚረጨው በልኩ እንዲሆንም ፕሮቲኖቹ ያግዛሉ። ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጫፉም አይረጭም፣ እግርህም 'ቁም' መባሉን አይሰማም። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል።"

"ሙቀት?" አሉ አባቴ።

"ትንሽ ሙቀት ይበቃዋል። ሲበርደው ይመለሳል።"

"ታዲያ... ያን ጠዋት ሲጸለይለት ያስነሳው..."

"እኔ እዚያ አልነበርኩም አባቴ" አለች ቀስ ብላ። "ብርድ ነበር?"

አባቴ ፎቶውን ከእጇ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት።

በሳምንቱ ልብሴን ከፋብሪካው ላመጣ ስወርድ "እኔም እመጣለሁ" አሉ። እንዳላመኑኝ ገባኝ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥቂት እንደሄድን ዘጭ አልኩ።

"ኧረ ይሄ ሰውዬ በቀን ጠጥቷል!" አለ አንድ የባጃጅ ሾፌር።

አባቴ፣ እኚያ በሰው ፊት የማይቸኩሉት ሽማግሌ፣ ወደ ሱቅ ሮጡ። ከፍሪጅ የወጣ ውሃ ይዘው መጥተው ራሴ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ ደረቴ ላይ አንዠቀዠቁት።

"አባባ፣ ሰው ያያል!"

"ይይ! ምን አገባው?"

ወደ ጥላ ጎትተው አስቀመጡኝና ትንሽ ቆየን። ቀስ በቀስ የእግሬ ጣቶች ተሰሙኝ። ከዚያ ጉልበቴ። እጃቸውን ይዤ ተነሳሁ።

ከረባታቸው ሁሉ ርሷል። ባዶውን ጠርሙስ እንደያዙ እግሬ ላይ አፍጥጠው ቀሩ።

"ውሃ" አሉ። "ውሃ ብቻ?"

ከዚያ ለቀሪው መንገድ ሌላ ሊገዙ ወደ ሱቁ ተመለሱ።