የገና ሜዳው ዘብ

ባለፈው ኅዳር ማብቂያ ላይ የሰፈራችን ወጣቶች ለስብሰባ ጠሩኝ። የገናን ጨዋታ እንደ ድሮው ሊመልሱት፣ ግን እንደ እግር ኳስ በዳኛና በካርድ ሊያጫውቱት አስበዋል። እኔን የጠሩኝ ሊቅ ነው ብለው አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ "ገና ተጫውቻለሁ" የሚል ባለ ሽበት እየጠፋባቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን አውጥቶ የፈረንጆቹን የበረዶ ላይ ገና አሳየን። እንደኛው በቆልማማ ዱላ፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። ድንገት ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ጣሉና ቡጢ ገጠሙ፤ ዳኛው ቆሞ ያያል።

"ይኸውልዎ ጋሼ፣ የዚህ ሰውዬ ሥራ ይሄ ነው" አለኝ ልጁ። "ጎበዙን ተጫዋች የነካበትን መምታት። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው። እኛስ ለየቡድኑ እንዲህ ያለ ሰው እንፍቀድ ወይስ ደንብ አውጥተን እንከልክል?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ "አፍህ ማሰሪያ የለውም" ትለኛለች። ያን ቀን ግን "ላስብበት" ብዬ ተነሣሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ሰው ነበረኝ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር አለኝ።

በእኛ አገር ያን ሰው "ዘብ" እንለው ነበር። የእኔ ዘብ አጎቴ ነው፤ የእናቴ የመጨረሻ ወንድም። በዕድሜ እምብዛም ስለማይበልጠኝ "ጋሼ" እያልሁ ግን "አንተ" ብዬው ነው ያደግሁት። አሁን ሸምግሎ "አንቱ" ልለው ስሞክር "ምን በድዬህ ነው ያስረጀኸኝ?" ብሎ ይቆጣኛል። የቤታችንን በር ጎንበስ ሳይል አያልፍም ነበር። ያ ሁሉ አካል ግን ሆደ ባሻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰማዕታት ገድል ሲነበብ ከሴቶቹ ቀድሞ የሚያለቅስ እሱ ነው። በሬዎቹን እንኳ ጅራፉን አየር ላይ ያጮህባቸዋል እንጂ ገላቸው ላይ አያሳርፍም።

የነቢያት ጾም ሲገባ የእኛ ገና ይጀምር ነበር። አጎቴ ከእርሻ ውሎ ሲመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ ወርዶ ወይራ ይመርጣል። እርጥቡን ቅርንጫፍ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ ያቆየውና ገና ሳይበርድ ጫፉን አጉብጦ በጠፍር ያስረዋል። ለእኔ ቀላሉን፣ ለራሱ ከባዱን። ከዚያ ከወይራው ሥር ጥንጓን ይጠርባታል፤ ጥንግ ማለት የምንመታት የእንጨት ኳስ ናት። የሞቀ ወይራ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ከተማ ውስጥ አንድ አናጺ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ቢሸተኝ እቆማለሁ፤ አናጺው ዕቃ ላሠራ የመጣሁ እየመሰለው ወንበር ያቀርብልኛል።

ገና ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ እንሰበሰባለን። ጠዋት ውርጭ ያነጣው ሣር እኩለ ቀን ላይ ወርቅማ ይሆናል። ከወንዙ ወዲህ ያለነው አንድ ወገን፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሌላ ወገን ነን። ጥንጓን ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ አገባ ይባላል። ሌላ ደንብ አናውቅም። ስንት ሰው ይሰለፋል፣ መቼ ያልቃል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል። ዱላ ያገኘው ሰው ቢደማም "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባልና ያልፋል። ለገና ቁስል ቂም መያዝ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም፣ ካሣም አይጠየቅበትም።

እኔ ቀጭንና ፈጣን ነበርሁ። ጥንጓ ዱላዬ ሥር ከገባች የሚያስቆመኝ አልነበረም፤ ይህን ስል ጉራ ቢመስልም እውነት ነው። አጎቴ ጥንጓን ነክቷት አያውቅም። ሥራው እኔ ባለሁበት መገኘት ብቻ ነበር። ማዶኞቹ ሲከብዱብኝ መጥቶ በትከሻው ገፋ ያደርጋቸውና ከአካሉ ጋር በማይሄድ ቀጭን ድምፁ "ወንድም ዓለም፣ ልጁን ቀስ በልልኝ" ይላል። እነሱም ቀስ ይላሉ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አጎቴ አንድም ሰው ሲመታ አላየሁም። እሱ ስላለ ማንም ማንንም አይመታም ነበር፤ እኔም በእሱ ጥላ ሥር እየጨፈርሁ ጀግንነቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ለገና ከከተማ ወደ ቤት የተመለስሁበት ዓመት ነው። የቆዳ ጫማ አድርጌ መጥቻለሁ፤ ሜዳው ዳር ከቆሙት ልጃገረዶች አንዷ እንድታየኝ እፈልጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጥንጓ እየተንከባለለች መጣችልኝ። ቀስ ብሎ መግፋት ሲበቃኝ፣ ለመታየት ብዬ ዱላዬን ከራሴ በላይ አንሥቼ በሙሉ ጉልበቴ ሰነዘርሁ። ጥንጓን ሳትኋት። የዱላው ጫፍ ዞሮ የገዛ ቅልጥሜን አገኘው። ሜዳው ላይ ተዘረርሁ።

ሕመሙ ከባድ ነበር፤ ከእሱ ይልቅ ግን የምሽቱ ግጥም አስፈራኝ። በእኛ ዘንድ ጨዋታው ሲያበቃ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ያ ስድብ ደግሞ በዚያው አይቀርም፤ በሠርግም በለቅሶም ይከተልሃል። ወፍጮ ቤት የወደቀ አንድ ሰው ነበር፣ ከነግጥሙ ነው የተቀበረው። "የገዛ እግሩን የመታ ተማሪ" እየተባልሁ ስኖር ታየኝ።

አጎቴ በሁለት እርምጃ ደረሰ። "ማነው?" አለኝ። አፌን አልከፈትሁም። ዓይኔን ብቻ አጠገቤ ወደ ቆመው ሰው መለስሁ። ከማዶ የመጣ፣ በዚያው ዓመት ያገባ ጎልማሳ ነበር፤ ሊያነሣኝ ጎንበስ ብሎ ነበር። አጎቴ አንድ ጊዜ ብቻ መታው። ሰውየው ለመከላከል ቀኝ እጁን ሲያነሣ ዱላው ጣቶቹ ላይ አረፈ። ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። ሰውየው አልጮኸም፤ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ ሜዳው ዳር ሄዶ ተቀመጠ። እኛም መጫወታችንን ቀጠልን፤ አሸነፍንም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱም ወገን እንደ ልማዱ አንድ ላይ ተቀመጠ። ግጥም ወረደ፣ ተሳቀ፣ ተበላ። ሰውየው እጁ እንደ ዳቦ አብጧል። አጎቴ ከፊቱ ቁጭ ብሎ ያን ማታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ አጎረሰው። ሰውየውም እየሳቀ ይጎርስ ነበር። እኔ አንድ ቃል ብናገር ሁሉም እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ግን "ዝም አይነቅዝም" ይባል የለ፣ ዝም አልሁ። ተረቱን የፈጠረው ሰው የእኔን ዓይነት ዝምታ አያውቀውም፤ የእኔውስ ነቅዟል።

የሰውየው ሁለት ጣቶች እንደ ቆሙ ቀሩ፤ በዚያ ክረምት እርፍ መጨበጥ አቃተው። አጎቴ ጥማዱን እየነዳ ወንዙን ይሻገርና ከራሱ ማሳ በፊት የእሱን ያርስ ነበር። ጎረቤቱ "ለገና ዱላ እንዲህ የሚደረግ ከየት የመጣ ነው?" እያለ ይስቅበታል። እሱ ግን "አልቆጣም ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይዶለሁም" ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእኛ ወጊ ግን አንድ ቀን አልረሳም። በኋላ የሰውየውን የበኩር ልጅ ክርስትና አነሣና አበልጅ ሆኑ። የገና ዱላ ግን አጎቴ ዳግመኛ አልያዘም።

በሚቀጥለው ዓመት ያለ ዘብ ወጣሁ። እግሬ ላይ ያልወረደ ዱላ የለም። ጥንጓን ቶሎ ለሌላ ሰው ማቀበል የተማርሁት ያኔ ነው፤ ሌላ ሰው መኖሩንም ያወቅሁት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ተሸነፍን። እንግዲህ ወጣቶቹ የጠየቁኝን ስመልሰው እንዲህ ነው፦ ዘብ ያለው ቡድን ሰላም አለው፣ ቀጭኑ ልጅ ይጫወታል፣ ሜዳው ያምራል። ክፉው ነገር ዘቡ አይደለም። ዘብ ያለው ሰው ዓይኑን ያዞረበት ሁሉ ዱላ ያርፍበታል፤ ያን ዓይን የሚዳኝ ዳኛ ደግሞ ከየትም አይመጣም።

ይህን እያሰብሁ በማግስቱ ወደ አማኑኤል ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባጃጅ ወርጄ ወደ አጎቴ ቤት አቀናሁ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሽምብራ ይለቅም ነበር። ሽምብራውን አብሬው እየለቀምሁ ነገርሁት። ለመንገር የፈለግሁት ለራሴ ዕረፍት ብዬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ላይ ምን እንደምጭን ግን እስከዚያች ደቂቃ አልገባኝም ነበር።

አጎቴ መልቀሙን አላቆመም። "የምትለው... አልነካህም?" አለ።

"አልነካኝም ጋሼ። ራሴ ነኝ።"

"እኔ እኮ ይቅርታ ስጠይቀው የኖርሁት እጄ ከበደብህ ብዬ ነው" አለ። "ሳታጠፋ መታሁህ ብዬው አላውቅም።" ዓይኑ ሞላ። የማውቀው እንባው ነው፤ ዛሬ ግን ከእኔ የተነሣ ነው። "ባልነገርሁህ ይሻል ነበር" አልሁት።

"ተው ተው። ተነሥ፣ ማዶ እንሻገር" አለና በትሩን ፈለገ።

የታኅሣሥ ወንዝ ስስ ነው፤ ድንጋይ ለድንጋይ ደግፌው ተሻገርን። ሰውየው ከበረቱ ፊት ተቀምጦ ጠፍር ይፍቅ ነበር፤ ሁለቱ ጣቶቹ ከቢላዋው ተለይተው ቀጥ ብለዋል። ሲያየን ደስ አለውና ልጆቹን ጠላ እንዲያመጡ ተጣራ። አጎቴ ግን አልተቀመጠም። "አበልጄ፣ ይኸ ልጅ የሚነግርህ አለው" ብሎ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

ተንበርክኬ ነገርሁት። ዱላዬ የገዛ እግሬን እንደ መታኝ፣ ግጥሙን ፈርቼ ዓይኔን ወደ እሱ እንዳዞርሁ፣ እሱ ሊያነሣኝ ጎንበስ ብሎ እንደ ነበር። "እርስዎ ምንም አላደረጉኝም" አልሁት። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ብሰደብ ይቀለኝ ነበር።

ቢላዋውን መሬት አስቀመጠ። "አልመታሁህም?"

"አልመቱኝም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። "እኔ እኮ በዚያ ግርግር ዱላዬ ሳይነካህ አልቀረም ብዬ ነው የኖርሁት" አለ። "አጎትህ በከንቱ እጁን የሚያነሣ ሰው አይዶለም። እሱ ከመታኝ እንግዲህ አጥፍቻለሁ፣ ልጅ ጎድቻለሁ ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ቀኖና ሰጡኝ። ተከትሎ የመጣውን ዐቢይ ጾም በሙሉ ሰገድሁበት፤ ቀኝ እጄ መሬት ሲነካ ስለሚያመኝ በግራዬ ብቻ እየተደገፍሁ።"

አጎቴ አጥሩ ላይ ፊቱን ደፍቶ አለቀሰ። እኔ የሰውየውን ቀኝ እጅ ይዤ የቆሙትን ጣቶች ሳምኋቸው፤ እሱም "እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፣ ተነሣ" እያለ በግራ እጁ ክንዴን ይስበኝ ነበር። መነሣት አልቻልሁም። ለዚያ ኃጢአት እኔ አንዲት ስግደት እንኳ ሰግጄ አላውቅም።