ብቻውን ያገኘው ወረቀት

ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ የፈተና ወረቀት መቁጠር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ዘበኛውም «ጋሽ ሁለቴ» ነው የሚሉት፤ አንዴ የቆጠረውን ደግሞ ሳይቆጥር ስለማይፈርም። ቤትም እንደዚያው ነው። በሩን ቆልፎ ይወጣና ከመንገድ ተመልሶ ይነቀንቀዋል። «በሩ የትም አይሄድም፣ አንተ ሂድ» እለዋለሁ። ሳይስቅ ይሄዳል።

እኔ እዚያው ግቢ የፈተና አዳራሾችን አጸዳለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እናቴ ታማ ቤት የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ተመለሺ ያለኝም የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ፈተና ከውጭ ላየው ቀላል ነገር ነው። ተማሪ ይገባል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል። ባለቤቴ ጋ ግን ሥራው የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው። መምህሩ ጥያቄውን አሽጎ ያመጣል። ማባዣ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ ይባዛል፤ የተበላሸው ወረቀት ሳይቀር ተቆጥሮ ይቆራረጣል። እሱ ደግሞ በየአዳራሹ ተማሪ ልክ ቆጥሮ፣ ሁለት ሦስት ትርፍ ጨምሮ ፖስታ ውስጥ ይከታል። አፉን በሙጫ ያጣብቅና መጋጠሚያው ላይ ይፈርማል፤ የከፈተ ሰው ቢኖር ፊርማው ተቀዶ እንዲያሳብቅ። እኔ በበኩሌ ወንበሮቹን አራርቄ፣ የመቀመጫ ቁጥር ለጥፌ፣ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ የጻፈውን ቀመር በእርጥብ ጨርቅ እፍቃለሁ። አንዴ «እማዬ ይቅር በይኝ፣ ምንም አላጠናሁም» የሚል አገኘሁና አንጀቴ አልችል ብሎ ተውኩት። ፈታኙ እኔን ተቆጣኝ።

ፈተናው ሲያልቅ የመልስ ደብተሮቹ ከፊርማ ዝርዝሩ ጋር ወደ ባለቤቴ ክፍል ይመለሳሉ። ደብተሩ ያልበቃው ተማሪ ሁለተኛ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ጥጉ ላይ «ተጨማሪ» የሚል ቀይ ማኅተም አለበት። ተቀባዩ ማኅተም ያለበትን አውጥቶ፣ ስሙን አይቶ፣ የዚያው ተማሪ የመጀመሪያ ደብተር ውስጥ ይሸጉጠዋል። ቆጥሮ ይፈርማል። መምህሩ አርሞ ሲጨርስም ወረቀቱ ተመልሶ መጋዘን ይገባል። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም ባለቤቴ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

አንዲት ልጅ አለችን። ፋርማሲ ደረሳትና እኛው ያለንበት ግቢ ገባች። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲለን እሱ ፊቱን ቅጭም አድርጎ የፈተና ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው አለቃው ቢሮ ሄደ። «ልጄ የምትፈተንበትን ፖስታ እኔ አልነካም፤ በጽሑፍ ይያዝልኝ» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ የእሷን ክፍል ፖስታ የሚያሽገውም፣ ሲመለስ የሚቀበለውም ባልደረባው ሆነ። ረጅምና መልከ መልካም ስለሆነ ሎጋው እንለዋለን። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ሥራው ግን ሁሉ ሩጫ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሁለተኛውን ቆጠራ ሲጀምሩ እኔ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ» ይለው ነበር።

«አንተ በደንብ የምትቆጥረው ምሳህን ብቻ ነው።»

«እሱንም አንዴ ነው ጋሼ!»

ልጃችን ሁለተኛ ዓመት ላይ ታይፎይድ ያዛት። ትኩሳቷ ሳይበርድ ተፈትና ውጤቷ ወረደና ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከዚያ በኋላ አንድ ኤፍ ካገኘች ትባረራለች፤ መመለስም የለም። ያን ሴሚስተር ልጄ ፀጉሯን ለመሠራት እንኳ ጊዜ አልነበራትም። ደብተሯን ድስት አጠገብ ዘርግታ ሽንኩርት እየላጠች ታነባለች።

የፈራችው ፈተና የመጨረሻው ነበር። ኮሪደሩን እየወለወልኩ ስጠብቃት ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ ሠራሁት! መጀመሪያ የሰጡኝ ደብተር ተቀዶ ነበር። ሌላ ሲቀይሩልኝ ገደ ቢስ ነኝ ብዬ ነበር፣ ግን ሠራሁት!»

«ልብሴን አረጠብሽው ደግሞ፤ ላብሽ ነው ወይስ እንባሽ?»

«ሁለቱም!»

እሷን ሸኝቼ አዳራሹን ጠረግኩ።

ውጤት ሲወጣ በስሟ ትይዩ ኤፍ ነበር፤ ከጎኑ «የመልስ ወረቀት የለም» ይላል። ልጄ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቁጭ አለች። አቤት ብላ አመለከተች። ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰማንያ አራት ተማሪ ፈርሟል፤ ሎጋው ግን ተቀብሎ የፈረመው ሰማንያ ሦስት ደብተርና አራት ተጨማሪ ነው። ከፊርማው ዝርዝር ጋር ሳያስተያይ ነበር የተቀበለው። ደንቡ ደግሞ ፈርሞ ወረቀት ያልተገኘለት ተማሪ ወረቀቱን ይዞ እንደወጣ ይቆጠራል ይላል። ልጄን «አስረክበሻል ወይ? ለማን?» ብለው ጠየቋት። «ጠረጴዛው ላይ ትቼ ውጡ ስለተባልን ወጣሁ» አለች። ሌላ የጠየቃት የለም። ለፍለጋ ዐሥር ቀን ተሰጠ። መምህሩ «ቢሮዬን ፈተሽኩ፣ የለም» አለ።

እኔ ባለቤቴን ለመንኩት። «የታረመው ወረቀት አንተ መጋዘን ነው ያለው። ግባና አገላብጥ።»

«የልጄን ፈተና አልነካም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ልጅህ ልትባረር ነው እኮ!»

«ሎጋው ፈልጓል።»

«ሎጋው? አንተ ሰውዬ፣ ሎጋው ጫማውን ፈልጎ አያገኝም!»

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆንን። እሱ እንጀራ ይቆርሳል፣ አይጎርስም። እሷ ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች። ሦስታችንም በአንድ ቤት ውስጥ እንደማይተዋወቁ ተከራዮች ሆንን።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ፣ ለመነታረክ ያህል «ይቺ ልጅ ድሮም ዕድል የላትም፤ ከስንቱ ደብተር የተቀደደው ለእሷ ይድረስ?» አልኩ።

እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። «የምን የተቀደደ?»

ነገርኩት። ክው አለ። ወደ ልጅቱ ክፍል ሄዶ በሩን ሳያንኳኳ ከፈተው።

«የቀየሩልሽ ደብተር ቀይ ማኅተም ነበረበት?»

«ነበረበት መሰለኝ አባዬ። ጥጉ ላይ። ምነው?»

ቁርሱን ሳይነካ ወጣ። በሩን ተመልሶ አልነቀነቀም።

እሱ ያኔ የገባውን እኔ በኋላ ነው የገባኝ። ፈታኙ የተቀደደውን ሲቀይርላት እጁ ላይ የቀረው ተጨማሪው ብቻ ስለነበር ከዚያ ሰጥቷታል። ሎጋው ማኅተሙን ሲያይ ስሙን ሳያነብ ሥሩ ያገኘው ደብተር ውስጥ ሸጎጠው። የዚያ ደብተር ልጅ አራት ገጽ ብቻ ጽፎ ሌላውን ባዶ ትቶታል። መምህሩም ባዶው ጋ ሲደርስ ዘግቶታል።

ባለቤቴ መጋዘኑን ከፍቶ ገባ። ሥራ ገና አልተጀመረም፤ ሰው አልነበረም። እስሩን ፈታ፣ አንድ በአንድ ገለጠ። ከአንድ ደብተር ባዶ ገጾች መሃል የልጃችን የእጅ ጽሕፈት ወጣ።

እኔ የአስተዳደሩን ደረጃ እወለውል ነበር። ቀና ስል ባለቤቴ ግቢውን አቋርጦ ይሮጣል። በሃያ ስድስት ዓመት ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱን ከራሱ በላይ ይዞታል። «አገኘሁት!» አለኝ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ እርጥቡን ደረጃ ወጣ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ዓይኔ ምንም አያይም፣ እንባ ሞልቶታል።

ኃላፊዋ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም ነበር። ልጅ እግር ናት፤ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ወረቀቱን አየች። ቀይ ማኅተሙን አየች። የተሸጎጠበትን ሲነግራት ፊቷ በራ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ሲያገኙት ማን ነበር አብሮዎት?»

«ማንም።»

«እስሩን የፈታው ማነው?»

«እኔ።»

«ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ አለ?»

«የለም።»

ተቀመጠች። «የቀየረላትን ፈታኝ እጠይቃለሁ» አለችና ስልክ ደወለች። ከሌላ ክፍል በተውሶ የመጣ ፈታኝ ነው፤ በዚያ ሰሞን ስድስት አዳራሽ ፈትኗል። ለአንዲት ልጅ ደብተር ይቀይር አይቀይር አላስታውስም አለ። ስልኩን ዘጋችው።

«የተቀደደው ደብተርስ? እሱ ቢገኝ ምስክር ይሆናል። መመለስ ነበረበት።»

የት እንደደረሰ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ሥር ነበር። ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ከማስቲካ ወረቀትና ከብዕር ክዳን ጋር ነው የጠረግኩት።

«እኔ ጠርጌዋለሁ» አልኩ በር ላይ ቆሜ። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊዋ ድምፅዋ ራሱ ተሰባብሮ፣ «ጋሼ፣ ሌላ አባት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢመጣልዎት ምን ይሉት ነበር?» አለችው።

አሁንም ድረስ ያን ጊዜ ለምን እንዳልዋሸ እጠይቃለሁ። አንድ ቃል ነበር። «ሎጋው አብሮኝ ነበር» ቢል ሎጋው ነፍሱ እስክትወጣ ይምልለት ነበር። እሱ ግን ጥያቄውን እንደ ሥራ ጥያቄ ወሰደው።

«ወረቀት ስታገኝ አትንካው፣ ባለበት ተወውና ሁለት ሰው ጥራ እለው ነበር» አለ። «የነካውን ግን አልቀበለውም። ቤት ተጽፎ ይሁን አዳራሽ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም» አለ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። መምህሩ ወረቀቱን ቆሞ ገላለጠው አሉ፤ ጥሩ ሠርታ ነበር ብሎ ለኃላፊዋ መለሰላት። እንደ ማጽናኛ ነው የነገረችን። ልጄ ተባረረች። «ወረቀት ይዞ በመውጣት» የሚለውን በኃላፊዋ ልመና ከደብዳቤው ላይ አወጡት። ባለቤቴን ለረጅም አገልግሎቱ ሲሉ አለፉት፤ ቁልፉን እንኳ አልወሰዱበትም። ሎጋው ቤታችን መጥቶ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ባለቤቴ ብድግ አድርጎ ወንበር ሰጠው። ልጄ ግን ከክፍሏ አልወጣችም።

ከሎጋው መሄድ በኋላ ወጣች። አባቷ ፊት ቆመች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ልክ ሰዓት ስንት ነው እንደሚል ሰው ነበር።

«አባዬ፣ ለምን ሰው አልጠራህም?»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እነሱኑ ያያቸዋል።

«ደስ አለኝ» አላት።

ተመልሳ ገባች። እኔ የማደርገው ጠፋኝና ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፤ ሳህኖቹ ንጹሕ ነበሩ።

ይሄ ሁሉ ከሆነ አምስት ወር አልፎታል። ሌላ ኮሌጅ ሞክሪ ብላት «እሺ» ትለኛለች፣ አትሄድም። ጓደኞቿ መጀመሪያ ይመጡ ነበር፤ ስለ ትምህርት ላለማውራት ሲጨነቁ ወሬ እያለቀባቸው ተዉት። አባቷ ስታልፍ እግሩን ይሰበስብላታል። እሷም «አመሰግናለሁ» ትለዋለች፣ እንደ ባዳ። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ስለ ዝናቡ አወራለሁ።

ትናንት የዚህ ሴሚስተር ፈተና ተጀመረ። ባለቤቴ የፋርማሲን ፖስታ ለሎጋው ሊሰጠው ዘርግቶ ነበር። ሎጋው አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ አሁን እኮ እርስዎ መያዝ ይችላሉ» አለው። ባለቤቴ ፖስታውን ወደ ራሱ መልሶ ቆጠረው፣ ደገመው፣ ፈረመበት። እኔ ከአዳራሹ የሰበሰብኩትን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ መጣል ፈርቼ በጆንያ አስቀመጥኩት። ቤት ስንገባ ልጃችን ጠዋት እንደተውናት ነበረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።